ደም ሊሰጥ ሄዶ የተመለሰ ሰው

ወጣቷ፦ ጋሼ፣ ደም ሊሰጥ ሄዶ “አይሆንም” ተብሎ የተመለሰ ሰው ምን እንደሚሰማው አስበው ያውቃሉ? ማንም አላስገደደውም፤ ማንም አይከፍለውም። እጅጌውን ሰብስቦ ቀርቦ ነው የሚመለሰው።

አንጋፋው፦ ያሳዝናል። እኔ ግን ከእሱ በፊት የማስበው አልጋ ላይ ያለውን ሰው ነው። ወልዳ ደም የሚፈስሳት እናት የሚሰቀልላትን ከረጢት አትመርጥም። ከማን እንደመጣ አትጠይቅም፤ ብዙ ጊዜም ራሷን አታውቅም። ደም መስጠት መልካም ፈቃድ ነው እንጂ መብት አይደለም። መብት ያላት እሷ ናት።

ወጣቷ፦ ልክ ነዎት። ግን “መብት አይደለም” የሚለው ቃል እስከ የት እንደሚያደርስ ልንገርዎት። በፈረንጆቹ ጃንዋሪ 1996 አንድ የእስራኤል ጋዜጣ ተደብቆ የኖረ ነገር ይፋ አወጣ። የአገሪቱን የደም አገልግሎት የሚመራው ማጌን ዳቪድ አዶም ከኢትዮጵያ የገቡ ቤተ እስራኤላውያን የሚሰጡትን ደም ለዓመታት በድብቅ ሲያስወግድ ኖሯል። ሰዎቹ ይጠራሉ፣ ይቀዳሉ፣ ይመሰገናሉ፤ እነሱ ከሄዱ በኋላ ደማቸው ይጣላል። ከለጋሾቹ መካከል በሠራዊቱ ውስጥ የሚያገለግሉ ወጣቶች ነበሩ።

አንጋፋው፦ በጥላቻ ተጣለ ነው የምትይው? በዚያን ጊዜ ከኢትዮጵያ በገቡት መካከል የነበረው የኤችአይቪ ስርጭት ከቀረው የአገሪቱ ሕዝብ በብዙ እጥፍ ይበልጥ ነበር። የጤና ሚኒስትሩ ኤፍሬም ስኔህም አሠራሩን የተከላከሉት በዚሁ ነው። ቁጥሩ የፈጠራ አልነበረም።

ወጣቷ፦ ቁጥሩን ተዉት። ለምን ደበቁ?

አንጋፋው፦ እሱም ቢሆን እንዲያው የመጣ አይደለም። “የእናንተን ደም አንቀበልም” ብሎ በአደባባይ መናገር፣ ገና እግሩ ያልረገጠ ማኅበረሰብ ላይ በሽተኛ የሚል ስም መለጠፍ ነው። ጎረቤት ይሸሻል፣ አሠሪ ሰበብ ይፈልጋል፣ ልጅ ትምህርት ቤት ውስጥ ይገለላል። ስለዚህ ተቀብለው ዝም አሉ። ስሕተት ነው በይ፤ እቀበላለሁ። ክፋት ነው ለማለት ግን አልደፍርም።

ወጣቷ፦ የልባቸውን እነሱ ያውቁታል። የሆነውን ግን ዓለም አይቶታል። ጃንዋሪ 28 ቀን፣ እሑድ፣ ወደ 10,000 የሚጠጋ ሕዝብ ኢየሩሳሌም ከጠቅላይ ሚኒስትር ሺሞን ፔሬስ ጽሕፈት ቤት ደጃፍ ተሰበሰበ። ድንጋይ ተወረወረ፤ ፖሊስ አስለቃሽ ጋዝ ተኮሰ፤ ከሁለቱም ወገን ብዙ ሰው ተጎዳ። ያን ቀን የወጡት እኮ በትዕግሥታቸውና ድምፅ ባለማሰማታቸው የሚታወቁ ሰዎች ናቸው። ብዙዎቹ ሱዳን ድረስ በእግራቸው ተጉዘው፣ ዘመድ በመንገድ ቀብረው የገቡ ናቸው። ሐፍረት እንዳያገኛቸው ተብሎ የተደረገው ነገር ከሐፍረት ሁሉ የባሰውን አመጣባቸው። ሌላ ሰው በእነሱ ፋንታ ተቀምጦ “ይህን ቢሰሙ አይችሉትም” ብሎ መወሰኑ ነው ያንገበገባቸው። በቀድሞው ፕሬዝዳንት በይስሐቅ ናቮን የሚመራ አጣሪ ኮሚሽን የተቋቋመው ሕዝቡ አደባባይ ከወጣ በኋላ ነው።

አንጋፋው፦ በመደበቁ ረትተሽኛል። ከድብቁ በስተጀርባ ያለውን ፍርሃት ግን አትናቂው። በብሪታንያ በተበከለ ደምና ከደም በተሠራ መድኃኒት ከ30,000 በላይ ሰዎች ኤችአይቪና ሄፓታይተስ ሲ ይዟቸዋል፤ ወደ 3,000 የሚሆኑት ሞተዋል። ደማቸው አልረጋ የሚል ሄሞፊሊያ ያለባቸው ሕፃናት፣ ሊያድናቸው በተሰጠ መርፌ ነው የተያዙት። ፈረንሳይ ውስጥም የብሔራዊ ደም ማዕከሉ የቀድሞ ኃላፊ በተበከለ ደም ጉዳይ በ1992 እስር ተፈርዶበታል። በዚያ ዘመን በደም ባንክ ለሠራ ሰው “ይህ ከረጢት ይለፍ ወይስ ይቅር?” የሚለው ጥያቄ እንቅልፍ የሚነሣ ነበር። የኤችአይቪ ምርመራ ለደም ባንኮች የደረሰው በ1985 ነው። ከዚያ በፊት የነበረው መከላከያ ጥያቄ መጠየቅና የተጠረጠረን ወገን መመለስ ብቻ ነው።

ወጣቷ፦ የብሪታንያን ነገር ማንሣትዎ ጥሩ ነው፤ ምክንያቱ ምን ነበር ታዲያ? ከአሜሪካ የገባው መድኃኒት የተሠራው ገንዘብ ተከፍሏቸው ፕላዝማቸውን ከሚሸጡ ሰዎች ነበር፤ እስር ቤት ውስጥ ያሉም ነበሩበት። የብዙ ሺህ ሰው ፕላዝማ በአንድ ላይ ተቀላቅሎ ሲዘጋጅ የአንዱ ሕመም ለሁሉም ይተርፋል። አደጋው የመጣው ደሙ ከተገዛበትና ከተቀላቀለበት መንገድ ነው፤ ከሰዎቹ የትውልድ አገር አይደለም። በሰር ብራያን ላንግስታፍ የተመራው ምርመራ በሜይ 2024 ሪፖርቱን ሲያወጣ ያረጋገጠውም ይህንኑ ነው፤ ባለሥልጣናትና ሐኪሞች አደጋውን እያወቁ ለሕሙማኑ አልነገሩም፤ በኋላም ሸፋፈኑት። እንደ እስራኤሉ ሁሉ እዚህም የተደበቀ ነገር አለ፤ አንዱ ጋ ከለጋሹ፣ ሌላው ጋ ከታማሚው።

አንጋፋው፦ እሺ፣ መደበቁን ሁለታችንም ኮንነናል። አሁን በግልጽ የተነገረ ክልከላ ላንሣልሽ። እብድ ላም በሽታ ብሪታንያ ውስጥ ከተነሣ በኋላ፣ አሜሪካ ከ1980 እስከ 1996 ባለው ጊዜ እዚያ ለወራት የቆየን ሰው ደም መቀበል አቆመች። ክልከላው በ1999 ጀምሮ እስከ 2022 ዘለቀ። እንግሊዛዊ፣ አሜሪካዊ ወታደር፣ ለትምህርት የሄደ ኢትዮጵያዊ፣ ማንም ይሁን ማን ተመለሰ። በዚያ ምክንያት ድንጋይ የወረወረ አልሰማሁም። የቦታ ክልከላ ስድብ አይደለም ማለት ነው። እስራኤል ውስጥም ከ1996ቱ ጉድ በኋላ የነበረው መመሪያ ዘር አይጠቅስም፤ ከ1977 ወዲህ ኤችአይቪ በተስፋፋባቸው አገሮች ከአንድ ዓመት በላይ የኖረ ሰው አይሰጥም ነው የሚለው።

ወጣቷ፦ ያ መመሪያ በዲሴምበር 2013 ማንን እንደመለሰ ያስታውሳሉ? ፕኒና ታማኖ-ሻታን። የእስራኤል ፓርላማ የክኔሴት አባል ነበሩ፤ ደም የሚሰበስቡት ሠራተኞች ክኔሴት ግቢ ድረስ መጥተው ነው። እስራኤል የገቡት ቤተ እስራኤላውያንን ከሱዳን ባጓጓዘው በዘመቻ ሙሴ ጊዜ፣ የ3 ዓመት ሕፃን ሳሉ ነው። ወደ 30 ዓመት ገደማ እዚያው ኖረዋል፣ እዚያው ተምረዋል፣ እዚያው ወልደዋል። “መመሪያው አይፈቅድም” ተባሉ። አጥብቀው ሲጠይቁ ደግሞ ደሙ ሊወሰድ እንደሚችል፣ ግን ለማንም እንደማይሰጥ ተነገራቸው። የእብድ ላሙን ክልከላ ከዚህ ጋር ያስተያዩት። ለዚያ በሽታ ደም ባንክ ውስጥ የሚሠራ ምርመራ አልነበረም፤ ስለዚህ ሰው የት እንደነበረ ከመጠየቅ ሌላ መንገድ የለም። ኤችአይቪ ግን ምርመራ አለው። በሕፃንነቱ የተያዘ ሰው ከ30 ዓመት በኋላ ሲመረመር አይሰወርም። ታዲያ የተመለሱት በምን ምክንያት ነው?

አንጋፋው፦ ምርመራ ሁሉን ያያል የምትይ ከሆነ ግን አንድ ነገር ልንገርሽ። ሰው ኤችአይቪ በያዘው ማግስት ቢመረመር ነጻ ነው ይባላል። ፀረ እንግዳ አካል የሚፈልገው ምርመራ ሦስት ሳምንት ገደማ ያመልጠዋል። የቫይረሱን ዘረመል በቀጥታ የሚፈልገው፣ ናት የሚሉት ውድ ምርመራ እንኳ አሥር ቀን ገደማ ክፍተት አለው። እኛ ሙያተኞቹ ዊንዶ ፔሬድ የምንለው ይህንን ነው። በዚያ ክፍተት ውስጥ ያለ ሰው ደሙ ቀይ፣ ወረቀቱ ንጹሕ፣ ከረጢቱ ግን መርዝ ነው። ያንን ከረጢት ሊያስቀር የሚችለው ቅድሚያ የሚቀርበው ጥያቄ ብቻ ነው።

ወጣቷ፦ ጋሼ፣ ለእኔ ነው የተከራከሩልኝ። የክፍተቱ ርዝመት ሳምንታት ከሆነ፣ ጥያቄውም ስላለፉት ሳምንታትና ወራት መሆን አለበት። ባለፉት ሦስት ወራት አዲስ የግብረ ሥጋ ጓደኛ ነበረህ ወይ? በመርፌ ተወግተሃል ወይ? ተነቅሰሃል ወይ? ይህን ማንንም ጠይቁ፤ ሁሉንም እኩል ጠይቁ። “የት ተወለድክ?” የሚለው ግን ስለ ክፍተቱ ምንም አይነግርም። ብሪታንያ በጁን 2021፣ አሜሪካም በ2023 ወደዚህ ነው የዞሩት። ከወንድ ጋር የሚተኛ ወንድን በጅምላ ማገድ ትተው፣ ወንድ ሴት ሳይሉ ለለጋሹ ሁሉ ስለ ቅርብ ጊዜ አድራጎቱ አንድ ዓይነት ጥያቄ ማቅረብ ጀመሩ።

አንጋፋው፦ ሀብታሞች ናቸው። እያንዳንዱን ከረጢት በናት መመርመር ይችላሉ። ገንዘብ የሌለው አገር ግን በርካሹ ምርመራ ነው የሚያድረው፤ ምርመራው ሲደክም ጥያቄው መክበድ አለበት።

ወጣቷ፦ ደቡብ አፍሪካስ? በዓለም ላይ ብዙ ኤችአይቪ ያለበት ሰው የሚኖርባት አገር ናት። የደም አገልግሎቷ ለጋሾችን በዘር ደረጃ አውጥቶ፣ የጥቁሮችን ደም ከፍተኛ አደጋ ያለው ብሎ መድቦት ነበር። በ2004 መጨረሻ ነገሩ ሲወጣ፣ ፕሬዝዳንት ታቦ ምቤኪ የሰጡት ደም ሳይቀር መወገዱ ተሰማ። አገር ተቆጣ። በ2005 የዘር ደረጃው ቀርቶ እያንዳንዱ ከረጢት ለብቻው በናት መመርመር ጀመረ። የጥቁር ለጋሾች ቁጥር ጨመረ፤ ደሙም ይበልጥ አስተማማኝ ሆነ። ለንጽሕናም ለክብርም የሚሆን አንድ መንገድ ተገኘ ማለት ነው።

አንጋፋው፦ በገንዘብ ተገኘ። እሱን አትዝለይው። ያን ምርመራ መግዛት የማይችል አገር ምን ያድርግ? ከምርመራ የሚያመልጠውን በምን ይያዝ? እኔ ዘርን አልጠይቅም፤ ስለ ወባ ግን እጠይቃለሁ፤ ስለ ጉበት በሽታ እጠይቃለሁ፤ ሰውዬው የከረመበትን ቦታ እጠይቃለሁ። ይህን መጠየቅ ማቆም አልችልም።

ወጣቷ፦ ቦታን መጠየቅ አልነቅፍም፤ በደንብ ከተጠየቀ። ወባን ያነሡት ጥሩ ምሳሌ ነው። ከዋሽንግተን ወይም ከቨርጂኒያ አገር ቤት ለእረፍት መጥቶ የሚመለስ ሐበሻ ደም ልስጥ ሲል “አፍሪካ ሄደሃል?” ብቻ አይባልም፤ የትኛው ከተማ እንደነበረ ይጠየቃል። አዲስ አበባ ብቻ ከርሞ የተመለሰ ከሆነ ከተማዋ ወባ የለባትም። ባሕር ዳር ወርዶ ጣና ዳር ያደረ ከሆነ ግን ቦታው ከ2,500 ሜትር በታች ስለሆነ ሦስት ወር ይቆያል። ሁለቱም ኢትዮጵያ ነው የሄዱት፤ ሁለቱም ኢትዮጵያውያን ናቸው። አንዱ ዛሬ ይሰጣል፣ ሌላው ተመለስ የሚባልበትን ቀን ያውቃል። ጥያቄው ስለ ትንኟ እንጂ ስለ ሰውዬው ዘር ስላልሆነ ማንም አይከፋም።

አንጋፋው፦ ወባ ወደተስፋፋበት አገር የሄደና እዚያ ያደገ ግን አንድ አይደሉም። ወባ ባለበት አገር ለዓመታት የኖረ ሰው ወደ አሜሪካ ሲገባ ሦስት ዓመት ይጠብቃል። ምክንያቱም ደጋግሞ ወባ የያዘው ሰው ሰውነቱ ይለማመደዋል፤ ትኩሳት ሳይኖረው ተውሳኩን በደሙ ተሸክሞ ሊኖር ይችላል። ይህም የተወለደበትን ቦታ መጠየቅ ነው፤ ግን እውነተኛ ምክንያት አለው። በዚህስ ትከፊያለሽ?

ወጣቷ፦ አልከፋም፤ ምክንያቱም ማብቂያ ቀን አለው፤ ምክንያቱም ይነገራል። ብሪታንያ ደግሞ የወባ ፀረ እንግዳ አካል ምርመራ አድርጋ ቶሎ ትቀበላለች። ሰው የማይረሳው ግን አሜሪካ በፌብሩዋሪ 1990 በኤችአይቪ ሰበብ ያደረገችውን ነው። የመድኃኒት ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት የሃይቲ ተወላጆችም ሆኑ ከሰሐራ በታች ያሉ አፍሪካውያን ደም እንዳይሰጡ መከረ። መቼ መጣህ፣ ምን አደረግህ፣ ተመርምረሃል ወይ የለም። በኤፕሪል በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሃይቲያውያን የብሩክሊንን ድልድይ አቋርጠው ሰልፍ ወጡ፤ በዚያው ዓመት መጨረሻ መመሪያው ተሻረ። ከተቃውሞው በኋላ የተሻረው፣ በመጀመሪያውም የሚያቆመው ማስረጃ ስላልነበረው ነው።

አንጋፋው፦ ወይም መንግሥት ሰልፍ ስለፈራ ነው። ሳይንስ በሰልፍ መወሰን ከጀመረ ነገ ያቺ የምትወልድ እናት ማን ይሰለፍላታል? እሷ ማኅበር የላትም። ይህን ጥያቄዬን አልመለስሽልኝም።

ወጣቷ፦ እሷንም እኮ የሚጎዳት በጅምላ መመለሱ ነው። ደም ዓይነቱ ብዙ ነው፤ ኤ፣ ቢ፣ ኦ ብቻ አይደለም። እንግሊዝ ውስጥ ሲክል ሴል የሚባለው የደም በሽታ ያለባቸው ብዙ ታማሚዎች ዕድሜ ልካቸውን ደም ይወስዳሉ፤ የሚስማማቸው አርኦ የሚባለው ንዑስ ዓይነት በብዛት የሚገኘው በጥቁር ለጋሾች ዘንድ ነው። የጤና አገልግሎቱ ዛሬ ጥቁሮችን ኑልን እያለ የሚለምነው ለዚህ ነው። አንድን ማኅበረሰብ ዛሬ አዋርዶ የመለሰ ደም ባንክ ነገ ሲለምነው ይመጣለታል ብለው ያምናሉ?

አንጋፋው፦ ... ይህ ከብዶኛል። እሺ፣ ወደ አገራችን እንምጣ። እዚህ ማንም በዘሩ አይመለስም። ከ18 እስከ 65 ዓመት የሆነው፣ 45 ኪሎና ከዚያ በላይ የሚመዝን፣ ጤነኛ ሰው በየሦስት ወሩ ይሰጣል። ደሙ ለኤችአይቪ፣ ለሄፓታይተስ ቢ፣ ለሄፓታይተስ ሲና ለቂጥኝ ይመረመራል። ታዲያ እዚህ የሚያስከፋ ምን አለ?

ወጣቷ፦ አመላለሱ። ለምሳሌ የመሥሪያ ቤት ሠራተኞች በአንድነት ድንኳን ውስጥ ተሰልፈዋል እንበል። ከሴትዮዋ ጣት ጫፍ አንድ ጠብታ ደም ተወስዶ ሰማያዊ ውሃ ውስጥ፣ ኮፐር ሰልፌት ውስጥ፣ ይጣላል። ጠብታው በ15 ሰከንድ ውስጥ ከወረደ ሄሞግሎቢኗ 12.5 ሞልቷል። ከተንሳፈፈ ወይም መሐል ላይ ከቀረ መጠኑ ከሚፈለገው አንሷል፤ አትሰጥም። ነገሩ ይኸው ነው፤ የወር አበባ ያለባት፣ ምግቧ ብረት ያነሰው ሴት ላይ በብዛት የሚታይ ነው። ግን ነርሷ “አንቺ ይቅርብሽ፣ ቀጣይ!” ብላ ካለፈቻት፣ ባልደረቦቿ ያዩአታል። ምሳ ሰዓት ላይ ወሬው ሌላ ነው። “እሷን መለሷት” ሲባል ሰው ስለ ብረት አያስብም፤ ስለ ኤችአይቪ ነው የሚያስበው። ያቺ ሴት ሁለተኛ ደም ለመስጠት ትመጣለች?

አንጋፋው፦ አትመጣም። ይህ እውነት ነው፤ ማንም ሊክደው አይችልም። ግን ከዚህ የሚብሰውንም ልንገርሽ፦ ያው ፍርሃት ሰውን ያስዋሻል። አለቃውና ጓደኞቹ እያዩት “እኔ መስጠት የለብኝም” ብሎ ከሰልፍ የሚወጣ ስንት ነው? ዘመዱ ሆስፒታል ተኝቶ “ምትክ ደም አምጡ” ሲባልስ? ቤተሰቡ ዙሪያውን ቆሞ፣ ወንድሙ አልጋ ላይ ሆኖ፣ ስለ አለፈው ወር አዳሩ እውነቱን የሚናገር ማን ነው? ለዚህ ነው ደም በምትክ ሳይሆን በፈቃደኛ ለጋሽ ይሰብሰብ ብለን ስንጮህ የኖርነው። ደግሞ ምርመራው ነጻ ስለሆነ ውጤቱን ለማወቅ ብሎ የሚሰጥም አለ። ከሁሉ አደገኛው እሱ ነው፤ ራሱን የጠረጠረው በቅርቡ ስለሆነ በዚያ ክፍተት ውስጥ ሊሆን ይችላል።

ወጣቷ፦ እንዲህ ከሆነ የጥያቄው ክፍል በር ይዘጋ። አንድ ነርስ፣ አንድ ለጋሽ። የሚመለስ ሰው ምክንያቱ በጆሮው ይነገረው፤ መቼ ሊመለስ እንደሚችልም ቀኑ በወረቀት ይጻፍለት። ለዚህ ናት የሚባለው ውድ ማሽን አያስፈልግም።

አንጋፋው፦ ይህን ዛሬውኑ መጀመር ይቻላል። ገንዘቡን ያነሣሁት ክርክር ግን አሁንም እንዳለ ነው፤ ምርመራው የደከመበት አገር ስለ ቦታና ስለ ወገን ከመጠየቅ ውጭ ምን አማራጭ አለው ላልኩሽ፣ ደቡብ አፍሪካን ነው ያሳየሽኝ። ሁሉም ደቡብ አፍሪካ አይደለም።

ወጣቷ፦ አይደለም። እኔም ግን እርስዎ እስካሁን ያልመለሱልኝ አለ፦ በ3 ዓመቷ የመጣች ሕፃን እስራኤል ከገባች ሠላሳ ዓመት ሊሞላት ሲል ምን ቀርቶባት ነው የተመለሰችው?

አንጋፋው፦ ምንም አልቀረባትም። መመሪያውን የጻፉት ሰዎች ወረቀቱን እንደገና ማየት ስላልፈለጉ ነው።

ወጣቷ፦ በመጨረሻ ግን አዩት። በ2016 መጨረሻ የእስራኤል የጤና ሚኒስቴር በኢትዮጵያ ተወላጆች ላይ የነበረው ክልከላ እንደሚነሣ አስታወቀ። ከኢየሩሳሌሙ ሰልፍ 20 ዓመት በኋላ ነው። ታማኖ-ሻታም በ2020 ኢትዮጵያ ተወልደው እስራኤል ውስጥ ሚኒስትር ለመሆን የመጀመሪያዋ ሆኑ።

አንጋፋው፦ እንግዲህ ሰው ሲሰማን እንዲህ እንበለው። ደም ልትሰጥ ስትሄድ ለነርሷ እውነቱን ንገራት፤ ብታፍርም ንገራት፤ የምታድነው ሰው ሌላ መከላከያ የለውም። መልሳህ እንደሆነ ደግሞ ከወንበሩ ሳትነሣ “ለምን? እስከ መቼ?” ብለህ ጠይቃት። ልትነግርህ ይገባል።